ከሰሞን መሬት ወደ ሰበካ ጉባኤ፦ አገልጋይ መምረጥና ጠብ ማብረድ በምዕራብ ጎጃም አጥቢያዎች

ሰበካ ጉባኤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አጥቢያዎች የሚተዳደሩበት፣ ካህናትና ምእመናን በአንድነት የሚቀመጡበት የተመረጠ ጉባኤ ነው። የሚመራበት ደንብ ቃለ ዓዋዲ ይባላል፤ መጀመሪያ የወጣው በ1965 ዓ.ም. ነው። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር ዛሬ አጥቢያ ሲባል ሰበካ ጉባኤውም አብሮ ይነሣል። ሕዝቡ የለመደው ግን በአንድ ጀንበር አይደለም። ከእሱ በፊት የነበረው ሥርዓት የቆመው በመሬት ላይ ነበር፤ አገልጋይ የሚገኘውም፣ ጠብ የሚነሣውም በመሬት ነበር። መሬቱ ሲወሰድ አገልጋይ የሚመረጥበት መንገድም፣ ሰው የሚጣላበት ነገርም ተለወጠ። የጉባኤው ታሪክ በአብዛኛው የዚህ ለውጥ ታሪክ ነው።

የቤተ ክርስቲያን መምህራን ስለ ሰበካ ጉባኤ ሲያስተምሩ ብዙውን ጊዜ ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ይነሣሉ። በኢየሩሳሌም ማኅበረ ምእመናኑ ሲበዛ ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ አይሁድ መበለቶቻችን በየዕለቱ በሚታደለው ምግብ ተረሱ ብለው አጉረመረሙ። ሐዋርያት ማጉረምረሙን አልናቁትም፤ እንዲህ ያለውን ሥራም ደርበው ለመያዝ አልፈለጉም። ከመካከላችሁ ሰው ምረጡ ብለው ነገሩን ለጉባኤው መለሱት። ሕዝቡ እስጢፋኖስን፣ ፊልጶስን፣ ጵሮኮሮስን፣ ኒቃሮናን፣ ጢሞናን፣ ጳርሜናንና የአንጾኪያውን ኒቆላዎስን መረጠ፤ ሐዋርያትም ጸልየው እጃቸውን ጫኑባቸው። የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። ኃላፊነቱ ለአቤቱታ አቅራቢዎቹ ወገን የተሰጠ ይመስላል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ተለይቶ ይታያል፤ መምረጥ የሕዝቡ፣ መሾም የሐዋርያቱ ሥራ ነው። የኋላው የቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ክርክር ብዙውን ጊዜ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር የት ላይ ይሁን የሚል ነው።

በኢትዮጵያ ግን ዲያቆን ከማዕድ ወደ መቅደስ ገብቷል። የገጠር ዲያቆን አብዛኛውን ጊዜ ገና ልጅ ነው፤ ከየኔታ እግር ሥር ዳዊት ደግሞ፣ ቅዳሴ ተምሮ፣ ከጳጳስ ማዕርግ ተቀብሎ በቅዳሴ የሚያገለግል ነው። ገንዘብ ቆጥሮ፣ እህል ሰፍሮ የሚያድል ሹም አይደለም። ሰባቱ የተመረጡበት የማዕድ አገልግሎት ለሌሎች አለፈ፤ በገጠር አጥቢያ ከሁሉ በላይ ለገበዙ።

የገበዙን ሥራ ለመረዳት አንድ ቅዳሴ ምን እንደሚፈጅ ማየት ይበቃል። ለመቀደስ ቢያንስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት። ለመሥዋዕቱ ንጹሕ ስንዴ፣ ለወይኑ ዘቢብ፣ ለማዕጠንቱ ዕጣን፣ ለመብራቱ ጧፍ መቅረብ አለበት። ቤተ ልሔሙ ማገዶና ንጹሕ ውኃ ይፈልጋል። መጎናጸፊያው ሲያልቅ መተካት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ክዳን ሲያፈስ ሣር አሳጭዶ ማስከደን የገበዙ ሐሳብ ነው። ካህናቱ ሰሞን ገብተው በየተራ ያገለግላሉ፤ ማን በየትኛው ሰሞን እንደሚገባ፣ ማን እንዳጓደለ የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል። ዜማውንና ማኅሌቱን መሪጌታው ይመራል። በትልልቅ አድባራት በሁሉም ላይ አለቃ ይሾማል፤ አለቃውን የሚሾመው ንጉሥ ወይም የአገሩ ገዥ ነበር። በገጠር አጥቢያ ግን ሥልጣኑ ከቀዬው አይወጣም፤ ገበዙ ከካህናቱ መካከል፣ ሕዝቡ የሚያውቀውና የሚታመንበት ሰው ነው።

ይህ ሁሉ ወጪ የሚሸፈነው በመሬት ነበር። እንደየአገሩ ሪም ወይም የሰሞን መሬት የሚባለው የቤተ ክርስቲያን መሬት ከነግዴታው የተያዘ ነው፤ መሬቱን ያረሰ ያገለግላል፤ ራሱ ካህን ካልሆነ ደግሞ በምትኩ የሚቀድስ ካህን ያቆማል። አገልጋይ መምረጥ ማለት ስለዚህ በብዙ ቦታ መሬቱን የያዘው ቤተሰብ ልጁን ለክህነት ማስተማሩ ነበር። ቄስነት እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ መስሎ የሚታየው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ለጎጃም የቅኔ ቤቶች የተማሪ ምንጭ የሆነውም ይኸው ይመስላል። ከአካባቢው ወጥተው በዋሸራና በጎንጅ ቅኔ የተቀኙ ሁሉ ግን ርስት ፈልገው የተማሩ አልነበሩም፤ ብዙው የቆሎ ተማሪ ከትምህርቱ በኋላ አገሩን አይቶ አያውቅም።

የጠቡም ምንጭ ይኸው መሬት ነበር። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን በ1950ዎቹ ከፍኖተ ሰላም በላይ ባለው በደጋ ዳሞት ተቀምጦ የርስትን ሥርዓት አጥንቷል። ርስት በአባትም በእናትም በኩል የሚወረስ በመሆኑ አንድ ገበሬ በብዙ አባቶች ስም በብዙ ቦታ መሬት ሊጠይቅ ይችል ነበር፤ ጥያቄውን የሚያጸናለት ደግሞ የትውልድ ቆጠራ ብቻ ሳይሆን የመከራከር ችሎታና ደጋፊ ነበር። የቤተ ክርስቲያን መሬትም ከዚህ ዓይነቱ ሙግት አላመለጠም። ሰሞን አጓደለ የተባለ ካህን መሬቱን የሚመኝ ባላጋራ አያጣም ነበር፤ የአገልግሎት ክስ ሆኖ የተጀመረው ጉዳይ የርስት ሙግት ሆኖ ሊያልቅ ይችል ነበር።

እንዲህ ያለውን ነገር የሚያበርደው በመጀመሪያ ሽማግሌ ነው፤ ከሽማግሌው ጋር የነፍስ አባት አለ። የተጣሉት በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ወይም ከዋርካ ሥር ይቀመጣሉ፤ አንዱ ይናገራል፤ ሌላው ያዳምጣል፤ ሽማግሌዎቹ ገለል ብለው ይመክራሉ። አልታረቅም የሚል ሰው ሲገኝ ካህኑ መስቀሉን ይዞ ይገዝተዋል። ግዝት ቀላል ነገር አልነበረም፤ የተገዘተ ሰው ሥጋ ወደሙ አይቀበልም፤ ሳይፈታ ቢሞት ፍትሐት የሚያደርግለት አያገኝም። ሰው የገደለ እንኳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጦ ደወል ደውሎ ከተማጸነ በኋላ የሟችን ቤተሰብ ለመለመን የሚሄዱት ካህናቱ መስቀልና ሥዕል ይዘው ነው። ይህ የማስታረቅ ሥልጣን በጎጃም ገጠር አሁንም ከማንኛውም የመንግሥት ችሎት ቀድሞ ይደርሳል።

ጉድለት ግን ነበረው። ጠቡ በሁለት ገበሬዎች መካከል ሲሆን ካህኑ ገላጋይ ነው፤ ጠቡ በካህናቱ መካከል፣ ወይም በገበዙና በሕዝቡ መካከል ሲሆን ግን ገላጋይ የሚሆነው ራሱ ተከሳሽ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን እህል ለግሉ አዋለ ተብሎ የታማ ገበዝ ማንን ሊገዝት ይችላል? የገጠሩ ሥርዓት ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ አልነበረውም። የሰበካ ጉባኤ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ክፍተት ነው ማለት ይቻላል።

ከአጥቢያው በላይ ያለው ሥልጣን ደግሞ ለረጅም ዘመን ሩቅ ነበር። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከእስክንድርያ የሚላክ አንድ ግብጻዊ ጳጳስ ብቻ በነበራት ዘመን ዲያቆንነት የሚፈልግ ልጅ ጳጳሱ ወዳሉበት ድረስ በእግሩ ይሄድ ነበር። ጎጃም የራሱን ጳጳስ ያገኘው አጼ ዮሐንስ 4ኛ ከግብጽ ባስመጧቸው ጳጳሳት ምክንያት ነው፤ በ1874 ዓ.ም. ከመጡት ከአራቱ አቡነ ሉቃስ ለጎጃሙ ንጉሥ ለተክለ ሃይማኖት አገር ደረሱ። በ1921 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን ኤጲስ ቆጶሳት በካይሮ ሲሾሙ አቡነ አብርሃም የጎጃም ሆኑ። የሃይማኖት ክርክር ሲነሣም ወደ ላይ ይሄድ ነበር፤ ጎጃም ቅባት የተባለው የሃይማኖት ወገን ትምህርት ጠንካራ መሠረት የነበረበት አገር በመሆኑ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት የተደረገው ጉባኤ ውሳኔ ከየትም በላይ የሚመለከተው እዚህ ነበር። እንዲህ ያለው ትልቅ ክርክር ንጉሥና ጉባኤ ነበረው። ትንሹ፣ የአጥቢያው የእህልና የዕጣን ክርክር ግን የሚዳኘው በቂ አካል አልነበረውም።

ከጣልያን ወረራ በኋላ መንግሥት የቤተ ክርስቲያኑን አስተዳደር በሕግ ማሰር ጀመረ። በ1935 ዓ.ም. የወጣው የቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ደንብ የቤተ ክህነት ፍርድ ቤቶችን ሥልጣን በመንፈሳዊ ጉዳይ ብቻ ወሰነ፤ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረትና ገቢም ወደ ማዕከላዊ ቁጥጥር ለማምጣት ሞከረ። በ1951 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያኒቱ ራስዋን ቻለች፤ አጥቢያዎቿ ግን እንደ ጥንቱ ነበሩ።

አጥቢያውን የሚመለከተው ለውጥ በሁለተኛው ፓትርያርክ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን መጣ። አቡነ ቴዎፍሎስ የጎጃም ሰው ናቸው፤ የተወለዱት በደብረ ኤልያስ ነው። በ1940 ዓ.ም. ከተሾሙት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ሆነው ሐረርን ብዙ ዘመን ከመሩ በኋላ በግንቦት 1963 ዓ.ም. ፓትርያርክ ሆኑ። ከእሳቸው ዘመን ሥራ ሁሉ ለሕዝቡ ቅርብ ሆኖ የቀረው በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ ሳይሆን አይቀርም። ምእመናን በአባልነት እንዲመዘገቡ፣ መዋጮ እንዲከፍሉ፣ ተወካዮቻቸውን እንዲመርጡና ከካህናቱ ጋር ስለ ገንዘቡም ስለ አገልግሎቱም እንዲወስኑ አዘዘ። ፓትርያርኩ ይህን ሲያደርጉ መሬቱ ገና በቤተ ክርስቲያን እጅ ነበር። በሩቅ አይተው ነበር ወይስ የከተማው አጥቢያ ችግር ብቻ ገፋፋቸው፣ በዚያም ሆነ በዚህ ደንቡ ቀድሞ መገኘቱ ለቤተ ክርስቲያኒቱ ትልቅ ዕድል ሆነ።

በገጠር ጎጃም ደንቡ ለጊዜው ከወረቀት አላለፈም። መሬት ያለው አጥቢያ መዋጮ ለምን ይሰበስባል? መልሱ የመጣው ከውጭ ነው። ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገውን አዋጅ ሲያወጣ የሰሞን መሬትም ሪሙም አብሮ ሄደ። ካህኑ ሞያ ያለው ገበሬ ሆነ፤ ድርሻውን ከገበሬ ማኅበሩ እንደ ጎረቤቱ አገኘ፤ ከመሬቱ ጋር የተያያዘው የአገልግሎት ግዴታ ግን ተቆረጠ። ሰሞን የማይገባ ካህን ከእንግዲህ መሬቱን አያጣም። ገበዙም ስንዴና ዕጣን የሚገዛበት እህል ከየት ያምጣ? የቤተ ክርስቲያኑ ማዕድ በአንድ ዓመት ውስጥ ባዶ ሆነ። አቡነ ቴዎፍሎስ ራሳቸው በየካቲት 1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። ያወጡት ደንብ ግን ያን ጊዜ ነው ገጠር የገባው።

ለምዕራብ ጎጃም ገበሬ ለቤተ ክርስቲያን መስጠት አዲስ ነገር አልነበረም፤ ስለት ያስገባል፤ ዝክር ያዘክራል፤ ለንግሥ ጠላ ይጠምቃል። አዲሱ ነገር በስም ተመዝግቦ፣ በዓመት ይህን ያህል ተብሎ፣ ደረሰኝ ተቆርጦለት መክፈሉ ነው። በእጁ ብር የሌለው በዓይነት ይከፍል ነበር፤ በቆላው በቆሎና በርበሬ፣ በደጋው ገብስና ድንች። ክፍያው መኸር ከገባ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ሰብሳቢውም ይህን ያውቃል። እንዲህ በተሰበሰበ ገንዘብ በብዙ አጥቢያ ከተሠሩት የመጀመሪያ ትልልቅ ሥራዎች አንዱ ሣር ክዳኑን በቆርቆሮ መተካት ነበር። የቆርቆሮው ሥራ ጉባኤውን ሰው እንዲያምነው አድርጓል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ገንዘቡ የት እንደገባ ከሩቅ ያብረቀርቃል።

ቃለ ዓዋዲ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፤ በሰፊው የሚታወቀው በ1991 ዓ.ም. የወጣው ነው። በደንቡ መሠረት የሰበካ ጉባኤ አባላት ከሦስት ወገን ይመረጣሉ፤ ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች። የሥራ ዘመናቸው ሦስት ዓመት ነው። ሰብሳቢው የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ ነው፤ ምክትሉ ከምእመናን ይሆናል። አስተዳዳሪው በምርጫ አይመጣም፤ ከላይ ተመድቦ ነው የሚመጣው። ከሐዋርያት ሥራ ጋር ሲነጻጸር የሹመቱና የምርጫው ድንበር እዚህ ላይ ነው የተሰመረው፤ ሕዝቡ አባላቱን ይመርጣል፤ መሪውን ግን ቤተ ክህነት ይሾማል።

ምርጫው የሚደረገው አብዛኛውን ጊዜ በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ነው። ቀኑ አስቀድሞ በዐውደ ምሕረት ይነገራል። ሕዝቡ በቅጽሩ ውስጥ ይቀመጣል፤ ወንዱ በአንድ በኩል፣ ሴቱ በሌላ በኩል። ከወረዳ ቤተ ክህነት የመጣ ተወካይ ደንቡን ያነባል። ጥቆማ ይጠየቃል፤ አንዱ ይነሣና እገሌ ይሁን ይላል፤ የተጠቆመው ሰው ብዙ ጊዜ አልችልም ብሎ ይለምናል። ይሉኝታው እውነተኛም ነው፤ ልማድም ነው፤ በመጀመሪያው ጥሪ እሺ ላለ ሰው አካባቢው ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል። ከዚያ እጅ ይወጣል፤ ይቆጠራል። ማን ይመረጣል ለሚለው ደንቡ የሚጠይቀው ሥጋ ወደሙ የሚቀበል፣ በምግባሩ የተመሰገነ ሰው ነው። ሕዝቡ የሚጠይቀው ሌላም አለ፤ ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ በከተማ ቢሮ ፊት የማይፈራ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከአንዱ ዘር ጋር ብቻ ያልተወዳጀ። የቀበሌው መምህር ወይም ጡረታ የወጣ የመንግሥት ሠራተኛ ጸሐፊ ሆኖ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ሴቶች በደንቡ አልተከለከሉም፤ በገጠሩ ጉባኤ ወንበር ላይ ግን ጥቂት ናቸው። ተቋሙ የመበለቶችን አቤቱታ መነሻው አድርጎ እያስተማረ ይህ መሆኑ ሳይታሰብ የቀረ ነገር ነው። የሰንበቴውን ዳቦ የሚጋግሩት፣ የንግሡን ድግስ የሚደግሱት፣ የማኅበሩን ጽዋ የሚያዞሩት እነሱ ናቸው፤ ሒሳቡን የሚያዩት ግን ወንዶች ናቸው። የምግባረ ሠናይ ሥራም ቢሆን ከጉባኤው ተግባራት መካከል ተጽፎ ሲገኝ በብዙ አጥቢያ ገንዘቡ የሚውለው በሕንፃ ነው። አቅመ ደካማ መበለት የምትረዳው ከጉባኤው ይልቅ በማኅበሯና በጎረቤቷ ነው።

የገንዘቡ አያያዝ ደንቡ ከሁሉ በላይ የተጠነቀቀበት ነገር ነው፤ ምክንያቱም ጠቡም ያለው እዚያ ነው። ሙዳየ ምጽዋት አንድ ሰው ብቻውን አይከፍተውም። ቁልፉ በተለያዩ ሰዎች እጅ ይያዛል፤ ሲከፈት የካህናትም የምእመናንም ተወካይ ይቀመጣል፤ አንድ ብሩ፣ አምስት ብሩ፣ አሥር ብሩ፣ ሳንቲሙ እየተለየ ይቆጠራል፤ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል፤ ሁሉም ይፈርማል። ገንዘብ ያዥና ሒሳብ ጸሐፊ አንድ ሰው አይሆንም። ከአጥቢያው ገቢ 20 ከመቶ ወደ ላይ ፈሰስ ይደረጋል፤ ወረዳ ቤተ ክህነቱ፣ ሀገረ ስብከቱና ጠቅላይ ቤተ ክህነቱ ከዚህ ይንቀሳቀሳሉ። የገጠሩ ምእመን ይህን ሃያ ከመቶ ብዙ አይወደውም፤ ለእኛ ምን መለሱልን ይላል። ጥያቄው ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ በምርጫው ጊዜ ይነሣል።

በመሬት ዘመን የነበረው ጠብ አገልግሎት ስላጓደለ ካህን ነበር፤ በመዋጮ ዘመን የሚነሣው ስለ ሒሳብ ነው። ደረሰኝ ሳይቆረጥ የተሰበሰበ ገንዘብ፣ ያለ ጨረታ የተሸጠ የቤተ ክርስቲያን ባሕር ዛፍ፣ ውሉ ያልታደሰ የሱቅ ኪራይ፤ የአቤቱታው ዓይነት ይህ ነው። ባሕር ዛፉ በተለይ በዚህ አካባቢ ትልቅ ነገር ሆኗል። በቅጽሩ ዙሪያ የተተከለው ዛፍ ሲደርስ በአንድ ሽያጭ የሚያስገባው ገንዘብ ከብዙ ዓመት መዋጮ ይበልጣል፤ ማን ገዛው፣ በስንት ገዛው የሚለው ሐሜትም እንደዚያው ነው።

ሌላው የጠብ በር የአስተዳዳሪው ምደባ ነው። ሀገረ ስብከቱ ከሌላ ቦታ አስተዳዳሪ ሲልክ የአጥቢያው ካህናት የቀዬውን ልጅ ይመርጣሉ፤ ምእመኑ ደግሞ ተከፋፍሎ ይቆማል። ወጣቶቹም የራሳቸው ወገን አላቸው። ከ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን ከተመሠረተ ወዲህ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ የተማረው ትውልድ የሒሳብ ግልጽነትን ጉዳዬ ብሎ ይዟል፤ ሽማግሌዎቹ ካህናት ይህን አንዳንድ ጊዜ እንደ ድፍረት ያዩታል። አንድ ወጣት በጉባኤ ፊት አባቴ፣ የባለፈው ዓመት ቃለ ጉባኤ ይነበብልን ሲል በትህትና የተናገረው ቃል ውስጡ ክስ እንዳለበት ሁሉም ያውቃል።

አቤቱታ የሚሄድበት መንገድ ተወስኗል። በመጀመሪያ በራሱ በአጥቢያው ጉባኤ ይታያል፤ ካልተፈታ ወደ ወረዳ ቤተ ክህነት፣ ከዚያም የምዕራብ ጎጃም ሀገረ ስብከት ወዳለበት ወደ ፍኖተ ሰላም ይወጣል። ሀገረ ስብከቱ አጣሪ ይልካል፤ ሒሳብ ያስመረምራል፤ አስተዳዳሪ ያዛውራል፤ አስፈላጊ ሲሆን ጉባኤውን አፍርሶ አዲስ ምርጫ ያዝዛል። በተግባር ግን የወረቀቱ መንገድና የሽማግሌው መንገድ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። አጣሪው ሪፖርቱን ከመጻፉ በፊት ሽማግሌ ተቀምጦ ነገሩን ያበረደው ብዙ ነው። ይህ በአንድ በኩል ጥሩ ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤት ተቆራርጦ አይቀርም። በሌላ በኩል ግን የጎደለው ገንዘብ በእርቅ ስም ተረስቶ ይቀራል፤ ሽማግሌ ሰውን ያስታርቃል እንጂ ሒሳብ አይመረምርም።

ሌላው የጠብ ምንጭ የአጥቢያዎች መብዛት ነው። በምዕራብ ጎጃም ቤተ ክርስቲያን አደገች ሲባል የሚበዛው አዲስ አማኝ አይደለም፤ በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከዞኑ ነዋሪ ከመቶ ከ98 በላይ የሚሆነው ኦርቶዶክስ ነበር። እድገቱ የሕዝቡ ቁጥርና የከተማው ስፋት ነው። በዚያው ቆጠራ ፍኖተ ሰላም ከ25 ሺህ በላይ፣ ቡሬ ከ20 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበራቸው፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ሰፍተዋል። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም ከተማዋን ወደ ዳር ገፍቷታል። አዲስ ሰፈር አዲስ ቤተ ክርስቲያን ይፈልጋል። አዲስ ቤተ ክርስቲያን ለመትከል ደግሞ የሊቀ ጳጳሱ ፈቃድና ታቦት ያስፈልጋል፤ ቦታም ከከተማ አስተዳደሩ መገኘት አለበት። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን የነባሩ አጥቢያ ፈቃድ ከባድ ነው፤ አባላቱ ሲከፈሉ መዋጮውም፣ እድሩም፣ የቀብር ቦታውም ይከፈላል። ነባሩ አጥቢያ ልጄ ደረሰልኝ ብሎ መዳር ይገባዋል ቢባልም ብዙ ጊዜ ጥሎሽ ይጠይቃል።

ከአጥቢያው በላይ ያለው ምርጫ በሐዋርያት ሥራ ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ ካቀረቡት ጋር የሚመሳሰል አቤቱታ የገጠመው በ2015 ዓ.ም. ነው። ጥር 14 ቀን ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከቅዱስ ሲኖዶሱ ውጭ በወሊሶ አካባቢ ከ20 በላይ ኤጲስ ቆጶሳት ሾሙ፤ የሰጡት ምክንያት በኦሮሚያ ሕዝቡ በቋንቋው አገልጋይ አላገኘም የሚል ነበር። ሲኖዶሱ ሹመቱን አውግዞ ሦስቱን ለያቸው፤ ሕዝቡ ጥቁር ለበሰ፤ ሰውም ሞተ። በየካቲት በስምምነት ሊቃነ ጳጳሳቱ ተመለሱ፤ የቋንቋውን አገልግሎት ጉዳይ ሲኖዶሱ እንዲያየው ተወሰነ። በሐምሌ ሲኖዶሱ ዘጠኝ ኤጲስ ቆጶሳት ሾመ፤ ሰባቱ ለኦሮሚያ፣ ሁለቱ ለደቡብ አህጉረ ስብከት። አቤቱታው ትክክል ነው ሹመቱ ግን ሥርዓት የጣሰ ነው የሚል ሚዛን ላይ ነበር ሲኖዶሱ የቆመው። የጎጃም ምእመን በዚያ ሰሞን በአብዛኛው ከሲኖዶሱ ጎን ነበር፤ የቋንቋው ጥያቄ እዚህ የማያሠቃየው በመሆኑ ሊገባው ያስቸግረው ነበር።

በውጭ አገር ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ሌላ መንገድ ይዘዋል። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ምእመናን አስቀድመው ቤተ ክርስቲያኑን በአገሩ ሕግ የበጎ አድራጎት ድርጅት አድርገው ያስመዘግባሉ፤ ሕንፃው በቦርዱ ስም ይገዛል፤ ካህኑ ከዚያ ይቀጠራል። ሲኖዶሱ በአገር ቤትና በውጭ ሁለት ከሆነ በኋላ ከሁለቱም ያልወገኑ ገለልተኛ የተባሉ አጥቢያዎች ተበራከቱ። በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ ሁለቱ ሲኖዶሶች ቢታረቁም ቦርድና ቃለ ዓዋዲ ያልታረቁበት ቦታ አለ፤ በአገር ቤት ጳጳሱ ሊያነሣው የሚችለው አስተዳዳሪ እዚያ የቦርዱ ተቀጣሪ ነው። ከአገር ቤት ይልቅ ምእመኑ የበለጠ ሥልጣን ያለው እዚያ ነው፤ ጠቡ ፍርድ ቤት የሚደርሰውም በዚያው መጠን ነው።

የአገር ውስጥ አጥቢያዎች በየዓመቱ በጥቅምት አዲስ አበባ በሚደረገው የመንበረ ፓትርያርክ ጠቅላላ ሰበካ ጉባኤ በየሀገረ ስብከታቸው ይወከላሉ። የየሀገረ ስብከቱ ሪፖርት ይነበባል፤ የፈሰሱ መጠን ይነገራል። የአጥቢያው ጠብ ግን እዚያ አይደርስም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ጦርነት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ፍኖተ ሰላም ድረስ መምጣት ለገጠሩ አቤት ባይ ይከብደዋል። አጣሪ አይደርስለትም፤ ሒሳቡም ሳይመረመር ይከርማል። ያን ጊዜ ነገሩ እንደ ድሮው በሽማግሌና በነፍስ አባት እጅ ይቆያል።